ሙቀጫው እኔ ጋ፣ ዘነዘናው እሷ ጋ

አንገቴ የተያዘው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጫማዬን ላነሣ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ጭንቅላቴ ወደ ቀኝ ዞረና እዚያው ቀረ። ልመልሰው ሞከርኩ፤ ወይ ፍንክች! በእጄ አገጬን ይዤ ብገፋው ዓይኔ ውስጥ ኮከብ ረገፈ። ባሌን ለመጥራት ወደ ግራ ልዞር ስል መላ አካላቴ አብሮኝ ዞረ። ባሌ አልጋው ላይ ሆኖ አየኝና «ምን ፈልገሽ ነው እንደ ቁም ሣጥን የምትዞሪው?» አለኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ቤቱ ተኝቶ እስኪለቀው ይጠብቃል። እኔ ግን እንጀራዬ የአንገት፣ የትከሻና የወገብ ቅባት ነው። በሬ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ «ለተያዘ አንገት፣ ለደነደነ ትከሻ፣ እምቢ ላለ ወገብ»። ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰሌዳውን የሚጽፈው ሰዓሊ «ወገብ ይቅደም፣ ብዙ ሰው የሚያመው እሱ ነው» ሲለኝ፣ «አንገት ይቅደም አልኩህ!» ብዬ የጮህኩበትም እኔው ነኝ። ራሰ በራ ሰውዬ የፀጉር ማሳደጊያ ሲሸጥ አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ። ማንም አይገዛውም፤ ሰዉ ቆሞ ይስቅና ይሄዳል።

ቅባቱ የእናቴ ነው። እናቴ ቀማሚም ወጌሻም ነበረች፤ ቅጠሉንም ገላውንም ታውቃለች። እሬቱን፣ ዝንጅብሉን፣ ጥቁር አዝሙዱን፣ የጉሎውን ፍሬ የምታስወቅጠው እኔን ነበር። ታናሽ እህቴን ደግሞ ከጎኗ አስቀምጣ ማሸት ታስተምራት ነበር። እኔ ግቢው ውስጥ ሙቀጫው ላይ ድም ድም፣ እሷ ውስጥ የሰው ጀርባ ላይ። ልጅነታችን እንዲህ እያለ አለፈ።

የእናቴ ትልቁ መድኃኒት ግን ቅባቱም እጇም አልነበረም፤ ምላሷ ነበር። የተያዘ ገላ ፈሪ ነው ትል ነበር፤ «አሁን ሊያሳምሙኝ ነው» ብሎ ተኮማትሮ ይጠብቃል። ስለዚህ እያሸች ወሬ ትጀምራለች። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ትጠይቃለች። ቀጥላ በሽተኛውን እንደሚያንጨረጭረው የምታውቀውን ነገር ታመጣለች። አንድ ጊዜ ክንዱ ከትከሻው በላይ አልነሣ ያለው ተሸካሚ መጣ። እያሸችው፣ «ገበያ ውስጥ ሲያወሩ ሚስትህ ካንተ የበለጠ ትሸከማለች አሉ፤ እውነት ነው?» አለችው። ሰውዬው ደሙ ፈላ። «ማነው ያለው! ስሙን ንገሪኝ!» ብሎ እጁን ሲወነጭፍ ጣራውን ሊነካ ምንም አልቀረው። «ይኸው፣ ተነሣልህ» አለችና መዳፏን በጨርቅ ጠረገች። ሰውዬው ሲወጣ በሩ ላይ ቆመ። «ግን... እውነት እንዲያ ብለዋል?»

«ዳንክ አይደል?» አለችው።

ሌላ መልስ የላትም። እናቴ እያሸች የተናገረችው ነገር እውነት ይሁን መድኃኒት ለማንም ነግራ አታውቅም። ስንቱ ሰው ድኖ፣ ስንቱ ሰው እየተብሰለሰለ ከቤታችን ወጥቷል።

እሷ ካረፈች በኋላ ዕቃ ተካፈልን። አልጋውን፣ ምንጣፉን፣ ብርድ ልብሱን «አንቺ ውሰጂው፣ የለም አንቺ» እየተባባልን፣ መሐል ላይም እያለቀስን ጨረስን። ሙቀጫው ላይ ስንደርስ ጉድ ፈላ። ዕድሜ ልኬን የወቀጥኩበት እኔ ነኝና ሙቀጫውን አቀፍኩት። እህቴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ዘነዘናውን ብድግ አድርጋ ተነሣች። «ምን ሊያደርግልሽ?» አልኳት። «የእናቴ ነው» አለችና ወጥታ ሄደች። የእናቴ ነው! የኔስ ምኔ ነበረች፣ አክስቴ?

ይኸው ከዚያ ወዲህ ሙቀጫው እኔ ጋ፣ ዘነዘናው እሷ ጋ። የምንሠራው በአንድ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች ውስጥ ነው። መካከላችን ያለው ጣውላ ነው፤ ከዚህ ያስነጠሰ ከዚያ ይማርህ ይባላል፣ እኛ ግን አንባባልም። እኔ ባሌ ባመጣልኝ የውኃ ቧንቧ ቁራጭ እወቅጣለሁ። እሷ በእናቴ ዘነዘና የብረት ድስት ውስጥ ትወቅጣለች፤ የድስቱ ቂጥ ወደ ውጭ አብጦ መቀመጥ አቅቶታል ብለው ደንበኞች ነግረውኛል። እኔ ቅባት እሸጣለሁ፣ ማሸት አልችልም። እሷ ታሻለች፣ ቅባቷ አሸዋ አሸዋ ይላል። ድሮ «እትዬ» እያለች ቀሚሴን ይዛ የምትከተለኝ ልጅ አሁን ሰው ፊት ስታነሣኝ «ጎረቤቴ» ነው የምትለኝ። ጎረቤቴ!

እውነቱን ተናገሪ ካላችሁኝ ግን ያጣላን ዘነዘናው አይደለም። እናቴ ያረፈችው ቀን ነው፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ። ሁለታችንም አጠገቧ ነበርን። ዓይኗን ገልጣ አየችኝና «ሂጂ ጥቁር አዝሙዱን ውቀጪው» አለችኝ። ለማን እንደሚወቀጥ አልጠየቅኩም፤ እናቴ ውቀጪ ካለች ይወቀጣል። ወጥቼ ስወቅጥ፣ ስወቅጥ፣ እህቴ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ፊቷን ሳይ እጄ ላይ የነበረው ዘነዘና ወደቀ። እናቴ እኔን ወደ ግቢ ሰድዳ የእህቴን እጅ ይዛ ሄደች። አንጀቴ ውስጥ የቀረው ይኸ ነው። ማንን እንደመረጠች ለማወቅ ምን ምሥክር ያስፈልጋል? ይህ ትዝ ባለኝ ቁጥር ቧንቧውን ከፍ አድርጌ አወርደዋለሁ፤ አንገቴም የተያዘው በዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ክፋቱ ደግሞ ቀጠሮ ነበረኝ። ዋናው መንገድ ላይ በተሠራው አዲስ ሕንፃ ውስጥ «ሁለንተናዊ የተፈጥሮ ጤና ማዕከል» የሚባል ተከፍቷል። ሥራ አስኪያጇ ስታወራ ሕፃን የምታስተኛ ነው የምትመስለው፤ እኔ «ለስላሳዋ» ብያታለሁ። የእናቴን ዝና ከድሮ ደንበኞች ሰምታ፣ «ሙያዋን የወረሰችውን ልጅ እፈልጋለሁ፤ ማዕከላችን ውስጥ ክፍል እሰጣታለሁ፣ ስሟንም በሩ ላይ አስጽፋለሁ» ብላ ላከችብኝ። የወረሰችውን ልጅ! ይህን ሰምቼ ቀኑን ሙሉ ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ዋለ። ያንን ቃል በር ላይ ተጽፎ ልየው እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር። ባየሁት ቁጥር እናቴ ራሷ የነገረችኝ ሊመስለኝ ነው።

ለስላሳዋ ዓርብ ትመጣለች። አንገቴ ማክሰኞ ተያዘ። ከሦስት ቀን በኋላ የአንገት ቅባት ባለቤት አንገቷ ዞሮ ብትገኝ፣ ሴትዮዋ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ተራምዳ የእህቴን በር ታንኳኳለች ማለት ነው።

በመጀመሪያ የራሴን ቅባት ተቀባሁ። በአፍንጫዬ ገብቶ አስነጠሰኝ እንጂ አንገቴን አላላላውም፤ ሰው በገዛ እጁ ማጅራቱን አያሽም። ከዚያ ነጠላዬን እስከ አገጬ ተከናንቤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ዳበሰኝ፣ እጄን አስጨበጠኝ፣ እግሬን አስነሣኝ። «አይዞሽ እናቴ፣ ጡንቻ ነው» አለኝ። «ሙቅ ጨርቅ አድርጊበት፣ አሳሽው፣ አትናደጂ። በደንብ የሚያሽሽ ሰው አለሽ?»

«አለኝ» አልኩ። ምን ልበለው? በዚህ ሠፈር በደንብ የምታሽ አንዲት ናት፣ እሷም ዘነዘናዬን ይዛለች ልበለው?

ባሌ «እኔ አለሁልሽ አይደል!» ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ባሌ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ለሰላሳ ዓመት ያሸው ነገር ቢኖር መሪ ነው። አንገቴን በሁለት እጁ ጨበጠና ኩርባ ላይ እንደ ደረሰ ሰው ጠመዘዘው። የጮህኩትን ጩኸት የበረንዳው ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ከግድግዳው ወዲያ እንኳ ያሽ የነበረው እጅ ቀጥ ሲል ሰማሁ።

ቢሆንም ባሌ ብልሃት አያጣም። በማግስቱ ከጋራዥ አንድ የአሮጌ አውቶቡስ የጎን መስታወት ከነክንዱ ይዞ መጣ። ችግሩ የሱቄ በር በግራ በኩል መሆኑ ነው፤ ደንበኛ ሲገባ እኔ የማየው ግድግዳ ነው። እሱ መስታወቱን በቀኝ በኩል ፊቴ ትይዩ ላይ ቸነከረና አስተካከለው። «ይኸው፣ ማን እንደሚገባ ማን እንደሚወጣ ታያለሽ። ወደ ኋላ ስትሄጂ ብቻ ጡሩምባ ንፊ» አለኝ። ዓይንህ ላፈር አልኩት፤ ግን ሠራ። የአውቶቡስ መስታወት ነውና ሰውን ያሳንሳል። እንደ በር የሰፋው የሥጋ ቤቱ ባለቤት እንኳ ብልቃጥ አክሎ ታየኝ።

በመስታወት መነገድ ግን ለጠላትም አይስጥ። ጡረታ የወጣው አስተማሪ ገብቶ ሰላም ሲለኝ መስታወቱን እያየሁ «ደኅና ነኝ፣ እርስዎስ?» አልኩ። ሰውዬው ቀና ቢል እኔ የማወራው ከግድግዳ ጋር ነው። «ሰላምታ ለመመለስ እንኳ ፊቷን ነፈገችኝ፤ ማዕከል ሲጠራት ኮራች» ብሎ ሠፈሩን አዳረሰው። የሥጋ ቤቱ ባለቤት ደግሞ ለጉልበቱ ቅባት ሊገዛ መጥቶ መስታወቱን ሲያይ ጉልበቱን ረሳ፤ ጢሙን አበጥሮ፣ ጥርሱን ፍቆ፣ ሳይገዛ ወጣ። አንዷ ደግሞ «ለማን ነው የምትስቂው?» ብላ ተጣላችኝ። እኔ መች ሳቅሁ? ሕመሙ ነው ጥርሴን ያስገጠጠኝ።

መውቀጥም አልቻልኩም። ሙቀጫው ባዶውን ተቀምጦ አየኝ፣ እኔም በመስታወት አየሁት።

ዓርብ ደረሰ። መደርደሪያውን ወልውዬ፣ ብልቃጦቹን ደርድሬ፣ ንጹሕ ቀሚስ ለብሼ ጎኔን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ሐሳቤ ለስላሳዋን በቀኜ በኩል ማስቀመጥ ነበር። በርጩማውን እዚያው አድርጌዋለሁ። ታዲያ ሴትዮዋ ገብታ በስተግራዬ ቆመች። ቆማ ቀረች።

«እንደምን አረፈዱ» አለች በዚያ ድምፅዋ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይግቡ፣ ወደዚህ በቀኝ በኩል ይቀመጡ።»

«እዚሁ ይመቸኛል። ወደ እኔ አይዞሩም?»

«አልዞርም» አልኩ። ከዚያ አፌ ያለ እኔ ፈቃድ ቀጠለ። «ሰውን ፊት ለፊት ካየሁት ፊቱ ይሸነግለኛል። በመስታወት ሳየው ግን ሕመሙን ነው የማየው።» ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

መስታወቱ ውስጥ ብልቃጥ የምታክለው ለስላሳዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እንዴት ጥልቅ ነው!» አለች። «ከእናትዎ የተማሩት ነው?»

«ከእሷ ነው» አልኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«እኔም ልሞክረው?» ብላ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች፤ አንገቷንም ልክ እንደ እኔ ወደ ቀኝ ጠመዘዘችው። ሁለት ጤነኛ የምንመስል ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠን የአውቶቡስ መስታወት ላይ አፈጠጥን። «ትንፋሽ እናስገባ» አለች። አስገባን። «ቀስ ብለን እናስወጣ።» አስወጣን። «ይሰማኛል» አለች ዓይኗን ጨፍና። «አንገቴ ላይ የሆነ ነገር እየተሰማኝ ነው።»

ከግድግዳው ወዲያ ሳቅ ፈነዳ።

ሳቁን ለይቼ አውቀዋለሁ፤ በልጅነታችን እናቴ ቁጭ በሉ ስትለን የሚያመልጣት ሳቅ ነው። ቀጥሎ በሯ ሲከፈት፣ ቀጥሎ በረንዳው ላይ እግሯ ሲንጣጣ ሰማሁ። መስታወቱ ውስጥ በሬ ላይ ትንሽዬ ሴት ቆመች፣ በእጇ ዘነዘና ይዛ።

«ጥልቅ ነው!» አለች እህቴ። «አንገቷ ተይዞ ነው እንጂ ምን ጥልቅ ነገር አለው! ከማክሰኞ ጀምሮ እኮ ስታቃስት ሥራ አላሠራችኝም!»

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። ክፍሉ ሄደ፣ በሩ ላይ የሚጻፈው ሄደ፣ ሁሉ ነገር ሄደ። «ማን ጠራሽ?» አልኳት። «ማን ነይ አለሽ? ዘነዘና ይዘሽ ሰው ቤት የምትገቢው ምን ቆርጦሽ ነው?»

ለስላሳዋ ዘነዘናውን አየች፣ እህቴን አየች፣ ከበርጩማው ተነሥታ ከመደርደሪያው ጀርባ ገባች። «እህቶቼ፣ እባካችሁ» አለች ከዚያ ሆና፣ «አንድ ጊዜ ትንፋሽ...»

«ትንፋሽዎን ይያዙልን!» አልናት ሁለታችንም እኩል።

እህቴ ዘነዘናውን ባንኮኒው ላይ ጎለተችና ከኋላዬ መጣች። አንዱን ብልቃጥ ከፍታ በጣቷ ዘገነች፣ አሸተተች። «ይኸ ነው ቅባት? የቧንቧ ዝገት ይሸታል!»

«ያንቺስ? ግማሹ ድስት ነው አሉ!»

«በምን ልውቀጠው? ሙቀጫውን አቅፈሽ ተኝተሽ!»

«ዘነዘናውን ማን ሰረቀው?»

መዳፎቿ ማጅራቴ ላይ እንደነበሩ ልብ አላልኩም። አውራ ጣቶቿ ከጆሮዬ ሥር ገብተው ወደ ታች ይወርዳሉ፣ እንደገና ይወጣሉ። ሞቀኝ። ያሞቀኝ ግን ንዴቱ መሰለኝ። ከመደርደሪያው ጀርባ «ልታንቃት ነው መሰለኝ፤ ሰው ልጥራ ወይስ አልጥራ?» የሚል ለስላሳ ድምፅ ይሰማል፤ በስልክ ይሁን ለራሷ አላውቅም።

«ሰረቅሽ ትይኛለሽ!» አለች እህቴ። «ለምን እንደወሰድኩት አንድ ቀን ጠይቀሽኛል?»

«ምኑን እጠይቅሻለሁ? ክፋት ነዋ! እጇን አንቺ ያዝሽ፣ መጨረሻዋን አንቺ አየሽ፣ እኔን እንደ ሠራተኛ ወደ ግቢ አባራ! እሱ አልበቃሽ ብሎ ዘነዘናውንም!»

«አባራ?» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ጣቶቿ ግን አልቆሙም። «እጇን የያዝኩትማ እኔ ነኝ። ጆሮዋ ግን ግቢው ውስጥ ነበር! አንዴ ልትገለብጪው ቆም ስትዪ ዓይኗን ገልጣ 'ምነው አቆመች?' አለችኝ። 'ልጥራልሽ?' ብላት 'አትጥሪያት፣ ትውቀጥ፣ እሱን ስሰማ አልፈራም' አለች። አንቺን እያዳመጠች ነው የሄደችው! እኔ እጇን ይዤ፣ እኔ እዚያ ተቀምጬ፣ እሷ የምትሰማው ያንቺን ዘነዘና ነበር!»

«ምን አልሽ?» ብዬ ዞርኩ።

ዞርኩ። ወደ ግራ። ከመስታወቱ ወደ እሷ። ስንት ጊዜ ፊት ለፊት አላየኋትም ነበር! ወፍራለች፣ በጆሮዋ አጠገብ ሽበት አውጥታለች። አንገቴ መላላቱን ያወቅኩት ለስላሳዋ ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ ብላ በሹክሹክታ «ዞረች» ስትል ነው።

እህቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ለስላሳዋ ፀጉሯን አስተካክላ ወጣችና ወንዝ እንደተሻገረ ሰው ረዥም ትንፋሽ አስወጣች፤ ይቺኛዋ ትንፋሽ ከልቧ ነበረች። «ይህ... ይህ የአሠራር ዘዴ ስም አለው?» አለች።

«ጠብ ይባላል» አለች እህቴ።

ሴትዮዋ ሳቀች። መልካም ሰው ናት፤ ስትስቅ ድምፅዋ ለስላሳ አይደለም፣ እንደ ሁላችን ትንከተከታለች። ሁለታችንንም እንደምትፈልግ ነገረችን። ችግሩ ማዕከሉ ጸጥታ ይፈልጋል፤ ሰዎቹ የሚመጡት ዓይናቸውን ጨፍነው ውኃ ሲወርድ ለመስማት ነው። አሰበች፣ አሰበችና ከጀርባ በኩል ከጄኔሬተሩ ጎን አንድ ክፍል እንዳለ ትዝ አላት። እዚያ ብንገዳደልም የሚሰማን የለም። «በሩ ላይ ምን ልበል ታዲያ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔን፣ ፊት ለፊት እያየችኝ። ለስንት ቀን ያመላለስኩት ቃል ጉሮሮዬ ላይ ነበር።

«'የእናታቸውን ሙያ የወረሱ ልጆች' ይበሉ» አልኳት።

እሷ ከሄደች በኋላ እህቴ ለመውጣት ዞር ስትል ክንዷን ያዝኩት። «ቆይ። ያልሽው ነገር እውነት ነው ወይስ መድኃኒት?»

አየችኝ። እናቴ ተሸካሚውን እንዳየችው አየችኝ።

«ዳንሽ አይደል?» አለች።

«እባክሽ! እግርሽ ላይ ልውደቅልሽ? አብረን የቀበርናት እናት አይደለች? እውነት እንዲያ ብላለች?»

«ሙቅ ጨርቅ አድርጊበት፣ ነፋስ እንዳይመታሽ» ብላ ወጣች። ደሜ ፈላ፤ ጤነኛ አንገት ይዤ በብስጭት ልሞት ነው አልኩ። መስታወቱን ቀና ብዬ ሳየው በበረንዳው ስትሄድ ታየችኝ፤ ያ መስታወት ያሳንሳል ብያችኋለሁ፣ ቀሚሴን ይዛ የምትከተለኝን ልጅ አክላለች። በክንዷ ዓይኗን ጠረገች። ዝንጅብል ስትወቅጥ ስለነበር ያቃጠላት እሱ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።

ምሳ ሰዓት ላይ ባሌ መጣ። ዞር ብዬ ሳየው ባለበት ቆመ። «ውይ፣ እንዲህ ነበርሽ እንዴ? በጎንሽ ለምጄሽ ነበር» አለኝና መስታወቱን ሊነቅል መፍቻ አወጣ። ተወው አልኩት። «ድነሽ የለም እንዴ?» ቢለኝ «ተወው አልኩህ!» ብዬ ጮህኩበት። ምክንያቱን እንዴት እንደምነግረው አላውቅም ነበር።

እሱ ሲሄድ ባንኮኒውን ልወለውል ስል ዘነዘናው እዚያው ተገትሮ አገኘሁት። ረስታው ነው እንዳልል እህቴ ዕቃ አትረሳም። ብድግ አደረግኩት። አናቱ ላይ የእናቴ መዳፍ ያጎደጎደው ቦታ አለ፤ እጄ ገብቶ ልክክ አለ። ጥቁር አዝሙዱን ሙቀጫው ውስጥ ጨመርኩና ጀመርኩ። ብረት ሲመታው የኖረው ሙቀጫ የገዛ እንጨቱ ሲያርፍበት ያንን የድሮ ወፍራም ድምፁን አወጣ። ድም። ድም። እንባዬ ይወርዳል፣ እኔ እወቅጣለሁ። ከግድግዳው ወዲያ ምንም አይሰማም፤ አይታሽም፣ አይወራም፣ ወንበር እንኳ አይንቀሳቀስም።

አፍንጫዬን ልጠርግ ቆም አልኩ።

ጣውላው በቀስታ ተንኳኳ።

«እትዬ» አለች እህቴ። «ምነው አቆምሽ?»

ዘነዘናውን አነሣሁና መውቀጤን ቀጠልኩ።